ለስኳር ታካሚዎቻችን፦ ከመስከረም ጀምሮ ቋሚ ሐኪም ይኖራችኋል

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል?

ከመጪው መስከረም ጀምሮ ለስኳር ክትትል ወደ እኛ ለምትመጡ ሁሉ አንድ ቋሚ ሐኪም እንመድብላችኋለን። እስከ ዛሬ ካርዳችሁ የሚገባው ባዶ ወደተገኘው ክፍል ነበር። ተራችሁ ሲደርስ የገጠማችሁ ሐኪም ያያችኋል። ለጉንፋን ችግር የለውም። ለስኳር ግን ይጎዳል። መጎዳቱንም ያየነው እዚሁ በራሳችን ቤት ነው።

ከቆላድባ የሚመጡ አንዲት እናት አሉ። ታሪካቸውን እንድንጽፍ ፈቅደውልናል። ስኳራቸው አልወርድ ብሎ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ሐኪሞቻችን አዩዋቸው። ሦስቱም የጠዋቱን ቁጥር አይተው ኢንሱሊን ጨመሩላቸው። በአራተኛው ቀጠሮ ከሦስቱ አንዷ በአጋጣሚ ደግማ አገኘቻቸው። «ባለፈው ጨምሬልዎት አልነበር? እንዴት ይብሳል?» አለችና ሆዳቸውን እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። ከእምብርታቸው በስተግራ እንቁላል የሚያህል፣ ጠጠር ያለ እብጠት ነበር። ለዓመታት መርፌውን እዚያችው ላይ ነው የሚወጉት። «እዚያ ጋ አያመኝማ» አሉ።

እንዲህ ያበጠ ቦታ ኢንሱሊኑን በወጉ ወደ ደም አያሳልፍም። የመድኃኒት እጥረት አልነበረባቸውም ማለት ነው። ቦታ ሲቀይሩ ደግሞ መጠኑ መቀነስ ነበረበት። ጤነኛ ቦታ ላይ ያንኑ ያህል ቢወጉ ስኳራቸው በአንዴ ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችሉ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ሳናይላቸው በመቅረታችን በጣም አዝነናል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈንም እሱ ነው።

ሌላም አለ። ብዙዎቻችሁ ቀጠሮ ሲቃረብ ጠንቀቅ ትላላችሁ። የጠዋቱ ስኳር 120 ብሎ ደህና ይወጣል፣ ኤ ዋን ሲ የምንለው የደም ምርመራ ግን 9 ይላል፣ ይህ ከፍ ያለ ነው። ስኳር የሚጣበቅበት ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ይህ ምርመራ የሁለት ሦስት ወሩን ነው የሚናገረው። ሁለቱ ሲጋጩ የሚያውቃችሁ ሐኪም «ምን ገጠማችሁ?» ይላል። ልቅሶ ነበር፣ መድኃኒት አልቆ ነበር፣ እጅ አጥሮ ነበር። ይህን ለማያውቁት ሰው መናገር ይከብዳል።

ጾምም እንዲሁ ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋል አደገኛ ነው። ሜትፎርሚን የሚባለው ሌላው የስኳር ክኒን ብቻውን ሲሆን ስኳርን እንደዚያ አይጥልም። የማን መድኃኒት ይቀየር፣ የማን ሰዓት ይዛወር የሚለው በየሰው ይለያያል። ስለዚህ ዓቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። አትፈሩ፣ አትጹሙ ብሎ የሚቆጣችሁ የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የሐኪማችሁ ስምና ቀን ካርዳችሁ ላይ ይጻፋል። ከደንቢያና ከዳባት ለምትመጡ ቀኑን ከገበያችሁ ጋር አስማምተን እንቀይራለን። ክፍያው አይጨምርም። ወረፋው ግን አንዳንድ ቀን ይረዝማል፣ ይህን አንደብቃችሁም። ሐኪማችሁ ከሌለ ቀድመን እንደውላለን። ካልተግባባችሁ ለካርድ ክፍል ንገሩ፣ ሌላ ይመደብላችኋል። ማንም አይቀየማችሁም።

ስኳራችሁ ወርዶ ድንገት ካላባችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ፣ ዓይናችሁ ከጨለመ ግን የራሴ ሐኪም ብላችሁ አትጠብቁ። ቶሎ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡና ያገኛችሁት ሐኪም ይያችሁ።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ኑ። የባህል መድኃኒት ካለም አትደብቁን። ጫማችሁንም ለማውለቅ ተዘጋጁ፣ እግራችሁን በየቀጠሮው ሐኪማችሁ ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ባልደረቦች
ጎንደር