ስለ አስቤስቶሱ ዘገባ፦ የኮምቦልቻ ጋራዦችስ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ አስቤስቶስ፣ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳው ሙቀት ቻይ ማዕድን፣ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላው ሌላው ደህና ነው። ያንገበገበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በአገራችን በአስቤስቶስ የሞተ ሰው ስላልተመዘገበ ጉዳዩ አሳሳቢ አይደለም ትላላችሁ። ለመሆኑ ማን ጠይቆ፣ ማን መዝግቦ ነው?

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከ1965 እስከ 1990 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የፍሬን ሸራ ሲቀይር ኖረ። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት የወረደው፣ ከአሰብ በባቲ ጭኖ የመጣው መኪና ሸራው ተቃጥሎ እሱ ደጅ ይቆማል። ጎማውን ያወርዳል፣ ታንቡሩን ይፈታል፣ ውስጡ የተጋገረውን አቧራ በኮምፕሬሰር ያራግፋል። ማታ ሲገባ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር አመድ ለብሶ ነበር። የዚያን ዘመን የፍሬን ሸራ አብዛኛው አስቤስቶስ ነበረበት። እናንተ ግን የጣሪያ ክዳንና ማዕድን ቆጥራችሁ ጋራዥን በአንድ ቃል እንኳ አላነሳችሁም!

ሥራውን በተወ በ14 ዓመቱ ትንፋሽ አጠረው። ሦስት ጊዜ ከጎኑ ውኃ ተቀዳ። አክታው ተመርምሮ ቲቢ አልተገኘበትም፤ ያም ሆኖ የቲቢ መድኃኒት አስጀመሩት፣ ካርዱም «የሳንባ ነቀርሳ»፣ ማለትም ቲቢ፣ እንዳለ ተዘጋ። ሥራህ ምን ነበር ያለው አንድ ሰው የለም። አስቤስቶስ ገደለው ብዬ አልምልም፤ ናሙና ተወስዶ አልታየም። ያላጣራ ሰው ግን «የለም» ሊለኝ አይችልም።

ይህ አቧራ የሚያመጣው ካንሰር ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ያኔ ጋራዡም ተዘግቷል፣ አሠሪውም የለም። መዝገብን ከመዝገብ ማገናኘት ያስፈለገው ለዚህ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ የዊትኑም አስቤስቶስ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1966 ከተዘጋ በኋላ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ከካንሰርና ከሞት መዝገብ ጋር እያመሳከሩ ለአሥርት ዓመታት ተከታተሏቸው። ሟቾቹ የተገኙት ስለተፈለጉ ነው።

እኛ ዘንድ የሞት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢደነገግም በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ማብቂያ ነው። አባቴ የሞተው በ2006። ሞቱ የተጻፈው የቅሬያችን፣ ማለትም የዕድራችን፣ ደብተር ላይ ብቻ ነው። ሄጄ አየሁት፤ ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ ለቀብር የወጣው ብር አለ። በምን እንደሞተ የለም። ይሁን፣ ደብተሩ አለ። የፈረመበት የደመወዝ መዝገብም አንድ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ በዓይኔ አይቻለሁ። የሆስፒታል ካርዱ አለ። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ሳይኖር «አሳሳቢ አይደለም» ብሎ መጻፍ ድፍረት ነውና ዓረፍተ ነገሩን አርሙት።

ባለፈው ወር እናቴን ለሳሏ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ካርዷ ላይ ሥራ በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ተብሎ ተሞላ። ያን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ የአባቴን ቱታ በረንዳ ላይ ስታራግፍ የኖረችው እሷ ናት።

ከኮምቦልቻ፣ ደቡብ ወሎ