ለወንድምዓለም፦ ኮከቦቹ የት ይዋሃዳሉ?

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ዝምታዬ እንደሚያስወቅሰኝ አውቃለሁ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ቆሜ እቀበላለሁና ለአሁኑ እለፈኝ። ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ኒውትሮን ኮከቦች፣ ማለትም እጅግ ስለታመቁት የሞቱ ኮከቦች፣ ውህደት እንድናገር ተጠይቄ እሺ ብያለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ ተስኖኛል።

ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ፣ እዚህ ጎንደር የፍልሰታ ቅዳሴ በሚወጣበት ሰዓት ገደማ፣ ላይጎና ቪርጎ የተባሉት መመዝገቢያዎች የሁለት ኒውትሮን ኮከቦችን ውህደት የስበት ሞገድ፣ ያን የኅዋ መርገብገብ፣ መዘገቡ፤ ከዚያ 11 ሰዓታት ሳያልፉም በቺሊ ያለ ቴሌስኮፕ ብርሃኑን 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው ኤንጂሲ 4993 ጋላክሲ ውስጥ አገኘው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የስፍራው ጠባይ ነው። ኒውትሮን ኮከብ የሚገኘው ዕድሜው አጭር ከሆነ ግዙፍ ኮከብ ሞት ሲሆን፣ ይህ ጋላክሲ ግን አዲስ ኮከብ ማፍራቱን ከሞላ ጎደል የተወ፣ አረጋውያን ኮከቦች የሞሉበት ነው። እንግዲያው ጥንዶቹ ጉልበታቸውን በስበት ሞገድ ጥቂት በጥቂት እያጡና እየተቀራረቡ ምናልባት ቢሊዮን ዓመታት ዞረዋል ማለት ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ኸልስና ቴይለር በ1974 እ.ኤ.አ. ያገኟቸው ጥንድ ኒውትሮን ኮከቦች እንኳ ለመዋሃድ ገና 300 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይቀራቸዋል።

ታዲያ ተማሪዎቹ ከዚህ ተነሥተው «ውህደት የሚሆነው በአረጁ ጋላክሲዎች ነው» እንዳይሉ እሰጋለሁ። ከእንዲህ ያለ ውህደት ይመነጫሉ የሚባሉት አጫጭር የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች በብዛት የታዩት ገና ኮከብ በሚያፈሩ ጋላክሲዎች ነውና፣ በእኔ ዘንድ አንድ ምስክር ደንብ አያቆምም። ሌላም አለ፦ ግዙፉ ኮከብ ሲሞት የሚፈነዳው ፍንዳታ፣ ሱፐርኖቫው፣ ጥንዶቹን ገፍቶ ከተወለዱበት ሊያስወጣቸው ይችላል። በ2023 እ.ኤ.አ. መጋቢት የታየው፣ ከውህደት መጣ የሚባለው የጋማ ጨረር ፍንዳታ መነሻው ሳይሆን አይቀርም ከሚባለው ጋላክሲ 120 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ነበር፤ አገሩን ጥሎ የሚሰነብት አንተ ብቻ አይደለህም!

የምፈራው ጥያቄ ይህ ነው፦ ውህደቱ ከጋላክሲው ውጭ ከሆነ፣ በውህደቱ ተፈጥሮ የተረጨው ወርቅ ለቀጣዮቹ ኮከቦች እንዴት ይደርሳል? መልሴ ግማሽ ነው፤ ሁሉም አይወጡም፣ ፈጥነው የሚዋሃዱት እዚያው ጋዙ መካከል ይቀራሉ እላለሁ። ይህ አንተን እንደማያጠግብህ አውቃለሁ፤ በቀሃው ክርክራችን ያደረግኸኝን አልረሳሁም።

እውነቱን ልንገርህና፣ እሺ ያልኩት ለጥምቀት መምጣትህ አይቀርም ብዬ ነው። ጥቂት ቀን ቀደም ብትል... ሥራ ካለብህ አላስገድድህም፤ ብቻ ስለ ወርቁ የምታስበውን ከዚያ በፊት ጻፍልኝ።

ወንድምህ