ለእማዬ፣ ከሮም

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ደም ግፊቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደብዳቤውን ወንድሜ ያነብልሻል፤ አንድም እንዳይዘል ብዬዋለሁ።

ስልኬን ካላነሳሽ ሁለት ወር አለፈ። እህቴ ደግሞ «ብሩ ደርሷል፣ እማዬ ግን አልነካችውም» አለችኝ። የመድኃኒትሽ ነው እኮ! እኔን ተቆጪኝ፤ መድኃኒቱ ምን አደረገሽ?

የሰማሽው እውነት ነው፣ ካቶሊክ ሆኛለሁ። «ለወረቀት ብላ ነው» የሚሉሽን ግን አትስሚያቸው። ወረቀቴን ካገኘሁ ቆየሁ። ማንም ሰብኮኝም አይደለም። ትዝ ይልሻል፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አዝለሽኝ ስታስቀድሺ አንገቴን ወደ ኋላ ጥዬ ጣሪያውን ሳይ? እነዚያ ክንፍ ያላቸው ፊቶች፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ሁሉም እኔን የሚያዩ ይመስለኝ ነበር። ቄሱ የሚሉት አይገባኝም፤ እግዚአብሔር መኖሩን ያወቅሁት ግን ከዚያ ጣሪያ ነው።

እዚህም እንደዚያው ሆነ። ቅዱስ ጴጥሮስ ስትገቢ በስተቀኝ ከእምነ በረድ የተጠረበች እመቤታችን አለች። የጠረባት ሚኬላንጄሎ ያኔ ገና የ24 ዓመት ልጅ ነበር አሉ። በፈረንጅ 1972 አንድ ሰው በመዶሻ ስለመታት ዛሬ በመስታወት ተከልላለች። ከመስቀል የወረደ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታለች። መጀመሪያ ቀን እሷን አላየሁም፣ አንቺን ነው ያየሁት፤ የወንድማችንን አስከሬን ታቅፈሽ። አንቺ ደረትሽን ትመቺ ነበር። እሷ አትጮህም። ግራ እጇን ብቻ ዘርግታዋለች፣ «ይኸው» እንደምትል። ከሥራ በወጣሁ ቁጥር እየሄድኩ ስለ አንቺ አለቅስ ነበር። ሲውል ሲያድር ለቅሶው ጸሎት ሆነ።

(ወንድምዬ፣ ይቺን ዝለላት፦ የማስታምማቸው አሮጊት ሌሊት አይተኙም፣ ወገቤ አልቋል። እንዳትነግራት።)

ደግሞ አባ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ አሉ። ፈረንጅ እንዳይመስሉሽ፣ የጎጃም ሰው ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው የጠፋ መነኩሴ። እውቀት ፍለጋ ጎንደር መጥተው የእኛኑ መንገድ ረግጠዋል፣ በፈረንጅ 1841 ደግሞ እዚሁ ሮም ደርሰዋል። አቡነ ያዕቆብ የምንላቸውን ጣሊያናዊ ካወቁ በኋላ ካቶሊክ ሆኑ፤ አልተውም ብለው ጎንደር ታሰሩ። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሽማግሌ፣ በሰንሰለት እንደታሰሩ ከንጉሡ ጦር ጋር ሲነዱ፣ በእኛ ነሐሴ 1847 አረፉ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ «የፈረንጅ ሃይማኖት» ሲሉኝ አላፍርም። የሀበሾቹ ቅዳሴም ያው በግዕዝ ነው፤ ከበሮው ሲመታ ዓይኔን ጨፍኜ ሥላሴ ግቢ እቆማለሁ። ያሰርሽልኝ ማተብም አንገቴ ላይ ነው። አልበጠስኩትም።

ስለ እህቴ ሠርግ ማንም በደንብ አይነግረኝም። ለጥር ነው አይደል? ጥምቀት ካለፈ በኋላ? ጠላውን ማን ሊጠምቀው ነው? ጓዳ ወርደሽ እንዳትጎነበሺ፣ ጎረቤት ይገዝሽ። እንሶስላውንስ ማን ያሞቃታል? ልጆች ሳለን «አንቺ ስታገቢ እኔ፣ እኔ ሳገባ አንቺ» ተባብለን ነበር። እጇ ቀልቶ ሳይለቅ ፎቶ አንሱልኝ፤ እጇን ብቻ። ትኬት መቁረጥ አቅቶኝ አይደለም፣ ፈቃድ አልሰጡኝም። እሺ፣ ትኬቱም ትንሽ ከብዶኛል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። አላነሳም ካልሽም ስልኩን አትዝጊው፤ ቤት ውስጥ ሲጠራ ልስማው።

ልጅሽ