ይድረስ ለሰብልዬ

ሰብልዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ምክንያት አልደረድርም፤ ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ። አሁን የምነግርሽ ነገር አለ።

ቴራፒ ጀምሬያለሁ። አትሳቂ! ጸበሉንም አልተውኩም። ስለዚያ የአባይ በረሃ ቁልቁለት አደጋችን ነው፤ ሌላ ስለምን ይሆናል?

ኢ.ኤም.ዲ.አር. ይሉታል፤ የክፉ አጋጣሚ ትዝታ ለሚያስጨንቀው ሰው የሚሰጥ ሕክምና ነው። ሴትየዋ ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ሁለት ጣቷን ግራ ቀኝ ታመላልሳለች። እኔ አንገቴን ሳላዞር በዓይኔ እከተላለሁ። በሐሳቤ ግን እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ የተቃጠለው ፍሬን ሽታ፣ የረዳቱ ጩኸት። ቆም ትልና «አሁን ምን መጣ?» ትለኛለች። የመጣውን እናገራለሁ፤ ደግሞ እንቀጥላለን። ዘው ብለን አልገባንበትም ታዲያ፤ መጀመሪያ ራሴን ማረጋጋት ነው ያስተማረችኝ። ከ0 እስከ 10 ስንት ያስጨንቅሻል ስትለኝ 10 ብዬ ነበር። አሁን 3 ላይ ነኝ።

ፍራንሲን ሻፒሮ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት የጀመረችው። በ1987 እ.ኤ.አ. መናፈሻ ውስጥ ስትሄድ፣ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚረብሻት ሐሳብ ቀለል እንዳለላት አስተዋለች ይባላል። እኔም «ተረት ተረት» ብዬ ነበር። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ለእንዲህ ዓይነቱ ጭንቀት ከሚመክራቸው ሕክምናዎች ውስጥ አስገብቶታል። የዓይኑ እንቅስቃሴ ራሱ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ባለሙያዎቹ አሁንም ይከራከራሉ። አእምሮ ትዝታውንም ጣቱንም እኩል መያዝ ሲያቅተው ትዝታው ይደበዝዛል የሚሉ አሉ። ለእኔ የተዋጠልኝ ይሄኛው ነው። ነገሩ አልተረሳኝም፤ ግን አሁን ያለፈ ነገር ነው። አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ሰሞን ቅዠቱ ብሶብኝ ነበር።

እና... እንዴት እንደምለው እንጃ። አንቺስ? ባህር ዳር በአውሮፕላን ካልሆነ አልሄድም ትላለች ብላ እህትሽ ነገረችኝ። መቼም ብር ተርፎሽ አይደለም! እስቲ እዚያ በዚህ የሠለጠነ ሰው ካለ ጠይቂ። ዩቲዩብ አይተሽ ብቻሽን እንዳትሞክሪው ብቻ፤ አውቅሻለሁ።

ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በቀደም ጣቷን ስከተል ነጠላ መጣብኝ፣ ፊቴ ላይ። እስከ ዛሬ የሞትኩ መስሏቸው የሸፈኑኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፀሐይ እንዳይመታኝ ሊሆን ይችላል። ያለበሽኝ አንቺ ነሽ እንዴ?

ቅዳሜ እደውላለሁ። ስልኩን አንሺ፤ ኩርፊያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ያንቺው፣
ማርቲ
ሲልቨር ስፕሪንግ