እኔ ቀድሜ የመለስኩልሽ ጥያቄ

ውድ እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ከማስታወስ ችሎታ ምርመራው ከተመለስን ጀምሮ ዝም ብለሻል። «አእምሮዬ አልቋል ማለት ነው» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

እርሳሱን እንደ መርፌ በሁለት ጣት ነበር የያዝሽው። የሳጥን ሥዕል ሳይ ተብለሽ መስመሩ ሲጣመምብሽ፣ እጅሽን ከጠረጴዛው ስር ደበቅሽ። ስንት ልብስ የሰፋ እጅ! እርሳስ ግን በልጅነቱ ማንም አላስያዘውም።

የማስታወስና የማሰብ ችሎታ የሚለካበት ያ ፈተና ሞካ ይባላል፤ የሚታረመው ከ30 ነው። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መውረድ አለ። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር ማገናኘት አለ። በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን በ1 ደቂቃ መጥራትም አለ። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ይሄ የአእምሮ ፈተና ነው ወይስ የትምህርት ቤት? ትምህርቱ 12 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆነ 1 ነጥብ ይጨመርለታል። 12 ዓመት ለተማረውም 1፣ የክፍል ደጃፍ ላልረገጥሽው ላንቺም 1። ላልተማሩ የተዘጋጀ ሌላ ዓይነት ሞካ አለ፤ ላንቺ ግን እሱ አልቀረበም።

የባሰው የኔ ማስተርጎም ነው። ቀኑን ሲጠይቁሽ ቀና ብለሽ አየሽኝ። አላስቻለኝም፣ ቀድሜ መለስኩልሽ። ሌላውን ጥያቄ ደግሞ ለራሴም በቅጡ ሳይገባኝ ተረጎምኩልሽ። ከዚያ ውጤት የትኛው ያንቺ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ ማን ይለየዋል?

አሁን ሌላ ቀጠሮ ይዣለሁ። ቋንቋሽን የሚችል፣ በሙያው የሰለጠነ አስተርጓሚ ይኖራል። እኔ ውጭ እጠብቅሻለሁ። ሩዳስ የሚባለውን ፈተና እንዲሰጡሽ ጠይቄያለሁ። ቋንቋቸውና ትምህርታቸው ለተለያየ አዛውንቶች ታስቦ አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ ነው። ከሱቅ የሚገዙ 4 ነገሮችን በቃልሽ ትይዣለሽ። መብራት የሌለውን፣ መኪና የሚበዛበትን መንገድ እንዴት እንደሚሻገሩ ትናገሪያለሽ። ሳጥኑ እዚያም አለ፣ አልዋሽሽም። አይዞሽ፣ እንደቻልሽ ሳይው።

ሰሞኑን አንዱን ነገር ሦስቴ እንደጠየቅሽኝ ለሐኪሟ እነግራታለሁ። ብደብቀው የምጎዳው አንቺን ነው። የደም ምርመራም ታዝልሻለች። የቫይታሚን ቢ12 ማነስና የታይሮይድ ችግር ያስረሳሉ፤ ድብርትም እንደዚያው። እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ።

ማክሰኞ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ። ጠዋት ያደረግኩት ያኔ ይበልጥ ንቁ ስለምትሆኚ ነው። መነጽርሽንና የጆሮ መስሚያሽን ማታውኑ አዘጋጂ።

የሚወድሽ ልጅሽ