ተራ ቁጥር 31፦ ለምርምር ምክትል ፕሬዚዳንታችን ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጥናታችን ተጠናቋል ወይስ አልተጠናቀቀም?

ክቡር ዶክተር፣

ይህን ደብዳቤ እንደ ደንቡ በመዝገብ ቤት ማስገባት ነበረብኝ። ከዚህ በፊት ግን አራት አስገብቻለሁ። አራቱም ገቢ ሆነዋል፤ ቁጥር አላቸው፤ ማኅተም አርፎባቸዋል። መልስ ብቻ ነው የሌላቸው። ቢሮዎ ስመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት። ስብሰባ በሌለ ቀን ደግሞ መስክ ወጥተዋል ይሉኛል። (ከግቢያችን መስክ መውጣት የቻለ ሰው እንዳለ ስሰማ ቀንቻለሁ።) ስለዚህ አደባባይ ላይ ጻፍኩት። የዩኒቨርሲቲያችንን ስም አልጠራሁም። ባልጠራውም የሌላ ግቢ መምህራን "ይሄማ የእኛው ነው" እንደሚሉ አልጠራጠርም።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዓመታዊ ግምገማ ላይ የታደለን የቢሮዎ ሪፖርት ነው። ገጽ 14፣ ተራ ቁጥር 31 ላይ የእኛ ጥናት ርዕስ አለ። አጠገቡ "ተጠናቋል" ይላል፤ አፈጻጸም 100 ፐርሰንት። ሌላው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከዚያው ቢሮ ለፋይናንስ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ግልባጩ ደርሶኛል። "ላልተከናወነ ጥናት በስማቸው የወሰዱት ብር 41,300 ከደመወዛቸው ተቀናሽ እንዲሆን" ይላል። ከጥቅምት ጀምሮ እየተቆረጠ ነው፤ ለ12 ወር።

ሁለቱም ላይ የፈረሙት እርስዎ ነዎት።

ጥናቱ ምን እንደነበር ላስታውስዎት፤ በመቶ ፐርሰንቱ ውስጥ ጠፍቶ ይሆናል። አራት ነን። እኔ ከትምህርት ፋኩልቲ፣ አንዷ የጥርስ ሐኪም፣ አንዱ የውሃ ምህንድስና መምህር፣ አንዱ የታሪክ ሰው። እርስዎ በየመድረኩ "ከየትምህርት ክፍላችሁ አጥር ውጡ፤ በጋራ አጥኑ" ይሉ የለ? ሰማንዎትና ወጣን።

ጉዳያችን ውሃ ነበር። በስምጥ ሸለቆ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር የኖረ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል። በአካባቢው ከዚያ በብዙ የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። ልጅ ሆነው የጠጡት ጥርሳቸው ይበልዛል። ብዙ ዓመት ሲጠጡት አጥንት ውስጥ ይገባል፤ ወገብ አላጥፍ አልዘረጋ ይላል። አዲስ ግኝት አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1987 ጽፈውታል። የወንጂ ሸንኮራ እርሻ ሠራተኞች ደግሞ በገዛ ወገባቸው ያውቁታል።

እና አራት ዓይነት ሰው ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ችግሩ ለአንድ ትምህርት ክፍል አይመችም። ኢንጂነሩ ከተከሰለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ ያውቃል፤ አጥንቱ ፍሎራይዱን ይይዛል፤ በላቦራቶሪ ይሠራል። ጥቅምት ላይ፣ ገና ፕሮፖዛሉን ሳናስገባ፣ በራሳችን ኪስ ከመቂ ወጣ ወዳለች ቀበሌ ሄደን ለአንዲት እናት አስረዳናቸው። ጨርሰው ሰሙንና "የማን አጥንት ነው? ማን ያረደው? በጾምስ ይጠጣል?" አሉ። ኢንጂነሩ ዞሮ የታሪኩን ሰው አየው። እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ የሚሆን ቀመር አልነበረውማ።

በዚያው ጉዞ ትምህርት ቤት ገባሁ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ስትጠየቅ ትነሳለች፤ ግራ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፤ መልሱን ለመዳፏ ነው የምትናገረው። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን ሁለተኛው ረድፍ ላይ አይሰማም። መምህሯ "ዓይናፋር ናት" አለኝ። የቃል ተሳትፎ ማርኳ ከአሥር ሦስት ነው። እረፍት ላይ ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ስትዘል አየኋት። ዓይናፋር? ከሁሉም በላይ የምትጮኸው እሷ ነበረች። ሲያስቃት ግን እጇ ወዲያው ወደ አፏ ይሄዳል። ገመዱን ለቃ።

የእኔ የጥናት ጥያቄ ይህ ነበር፤ በበለዘ ጥርስ ምክንያት ስንት ልጅ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ክፍል ያልፋል?

አሁን ወደ እርስዎ ቢሮ ካላንደር እንምጣ። ጥሪው የወጣው ጥቅምት 2016 ነው። ኅዳር ላይ አስገባን። ገምጋሚ እስኪገኝ የካቲት ሆነ። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ሚያዝያ ሆነ። ብር 180,000 ተፈቀደ። ገንዘቡ በስሜ ተሰብሳቢ ሆኖ፣ ማለትም በደረሰኝ እስኪወራረድ የእኔ ዕዳ ሆኖ፣ የወጣው ግንቦት 23 ነው። በዚያው ወረቀት ግርጌ "እስከ ሰኔ 20 እንዲወራረድ" ይላል። እናንተ ከጥሪው ጀምሮ ስምንት ወር ገደማ ይዛችሁት ለእኛ 27 ቀን ሰጣችሁን።

ሰኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ፈተና ነው። ርዕሰ መምህሩ "በፈተና ሳምንት ልጅ አላወጣም" አለኝ። ልክ ነው፤ እኔም ብሆን አላወጣም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ሥራ ቀረ። ለእሱ የተያዘውን 96,000 ብር አንድም ሳንነካ መለስን። "ለመስከረም ይዛወርልን" ብለን ጻፍን። መልሱ በቃል ነበር፤ "በጀት ዓመት አይሻገርም።" አውቃለሁ አይሻገርም። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት ማለቂያ መሆኑን እርስዎ አላወጡትም። ጥሪውን ጥቅምት ላይ የሚያወጡት ግን እርስዎ ነዎት። ጥሪና ግምገማ በክረምት ይለቅ፣ ገንዘቡ መስከረም ላይ ይለቀቅ ቢባል የሚከለክል መመሪያ ካለ ያሳዩኝ።

ከተፈቀደው ውስጥ 42,700 ብር የግዥ ክፍል ነው ያወጣው። የጠየቅነው የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ነበር። ጫፉ ላይ ላንታነም ፍሎራይድ የሚባል ክሪስታል አለው፤ የሚለካው በእሱ ነው። ስሙንም፣ ዝርዝሩንም፣ ሥዕሉንም አያይዘናል። ሰኔ 11 "ዕቃችሁ ገብቷል፤ ሞዴል 19 ተቆርጧል" ተባልን፤ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ማለት ነው። ኢንጂነሩ ሳጥኑን ከፈተ። የፒኤች ኤሌክትሮድ ነው። የውሃን አሲድነት ይለካል፤ ስለ ፍሎራይድ ምንም አያውቅም። ግዥ ክፍል ሄድን። የተሰጠን መልስ ቃል በቃል ይህ ነው፦ "ሁለቱም ኤሌክትሮድ ነው። ይሄ ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ነው።" ኢንጂነሩ በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ደረሰኙ፣ አላወጣም አለ፤ አሁንም መጋዘን ውስጥ ነው።

እንግዲህ 41,300 ብር ቀረ። የምቆረጠው እሱን ነው። የታሪኩ ሰውና ሐኪሟ በሰኔ ዝናብ 12 ቀን መስክ አድረው ያወጡት ነው። ጋሪ ተከራይተዋል፤ መኪናው ከጭቃው አላለፈም። መንገድ መሪ ቀጥረዋል። ለየሽማግሌው ቤት አንድ ኪሎ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ቡና ይዘው ገብተዋል፤ ባዶ እጅ የሰው ቤት አይገባማ። ፋይናንስ ለዚህ ሁሉ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ጠየቀ። ለባለ ጋሪውም ጭምር። ቲን ቁጥሩን ጠይቀነው ነበር፤ የፈረሱ ስም መስሎት "ቦራ ነው" አለን። የተቀባዮቹን ጣት አሻራና የቀበሌውን ማረጋገጫ አቀረብን። "ተቀባይነት የለውም" የሚል መስመር ተሰምሮበት ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ንዴቴን ይቅር ይበሉኝ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያዩትን እርስዎም ተማሪ ሆነው ተምረዋል፤ እኛም እናስተምራለን። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከወንዙ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ። ነገሩ የተጀመረው ወንዝ ዳር ቆሞ በማየት ነው። በእኛ ቢሮ በኩል ቢያልፉ ኖሮ "ያጠቡት ሴቶች ደረሰኝ ይቅረብ" ነበር የሚባሉት።

ግን ከ12 ቀኑ መስክ ምን እንደተገኘ አልጠየቁም። ልንገርዎት። አንዲት አሮጊት "ውሃው የገባ ዕለት በሬ አረድን፤ ሦስት ቀን ተጨፈረ" አሉ። የጉድጓዱ ወረቀት የትም አልተገኘም፤ የታሪኩ ሰው ጉድጓዱ የተቆፈረበትን ዓመት የሚያወጣው ከሰው ነው። "ያኔ ትልቁ ልጅዎ ምን ያህል ነበር?" አላቸው በኦሮምኛ። "ጎረምሳ ነበር፤ በሬውን የጣለው እሱ ነው።" ልጆቻቸውን ጠሩ። ሐኪሟ በባትሪ አንድ በአንድ አፋቸውን አየች። የጎረምሳው ጥርስ ነጭ ነው። ከእሱ በኋላ ያሉት አራቱ በልዟል። ፍሎራይድ የሚጎዳው ገና በመሠራት ላይ ያለን ጥርስ ነው፤ የእሱ በቅሎ አልቆ ነበር። እንዲህ እያሉ 23 ቤት ገቡ። የጉድጓዱን ዕድሜ ከወንድምና እህት ጥርስ አነበቡት። አሮጊቷ ነገሩ ሲገባቸው ዝም አሉ። ከዚያ "ታዲያ ያን በሬ ለምን አረድነው?" አሉ።

ይህ በወረቀት አለ። ግን ውሃው አልተለካም፤ መለኪያው ፒኤች ነዋ። ልጆቹ አልተጠየቁም፤ ፈተና ላይ ነበሩ። ግማሽ ጥናት ነው። "አላለቀም" ብለን በጽሑፍ አሳወቅን።

የሚያንገበግበኝ ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሰኔ 25 ከቢሮዎ ተደወለልኝ። "አንድ 20 ገጽ ነገር አምጡና እንዝጋው፤ ዕዳውም ይነሳላችኋል" ተባልኩ። ምን ይጻፍበት? "የሆነ ነገር።" የውሃው ቁጥርስ? "ከሌላ ጥናት አስጠጉት።" ለሦስቱ ነገርኳቸው። ሐኪሟ ሳቀችና "እኔ ያላየሁትን ጥርስ አልቆጥርም" አለች። 20 ገጹን አላመጣንም። አምጥተን ቢሆን ዛሬ 41,300 ብር ኪሴ ነው፤ ምናልባት ከፍለን አንድ ጆርናል ላይ አሳትመን የማዕረግ ዕድገት ነጥብም ይዘን ነበር። ባልደረቦቼ በግልጽ "ሞኝ ነህ" ይሉኛል። "ለራስህ ተማሪዎች መጠይቅ በትነህ በሁለት ሳምንት አትገላገልም?" ይላሉ። ብዙዎቹ እንዲህ ነው የሚገላገሉት። አልፈርድባቸውም፤ ደሞዛቸው አይቆረጥም።

እኛ ያልጻፍነውን ግን እናንተ በአንድ ቃል ጻፋችሁት፤ "ተጠናቋል።"

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ስለ ምርምር የሚለውን ለእርስዎ አላነብልዎትም፤ በየስብሰባው የሚያነቡልን እርስዎ ነዎት። ጥያቄዬ አንድ ነው። ከሁለቱ ወረቀት አንዱን ይቅደዱ። ጥናቱ ተጠናቆ ከሆነ የተቆረጠውን ደሞዜን ይመልሱልኝ፤ ውጤቱንም ይላኩልኝ። በጣም ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ርዕሰ መምህሩም እየደወለ "ምን ተገኘ?" ይለኛል። አልተጠናቀቀም ካሉ ደግሞ ተራ ቁጥር 31ን ይሰርዙ። 100 የሚለውም ዝቅ ይበል። እኔም መቆረጤን እቀጥላለሁ፤ ቢያንስ ለእውነት ይሆናል።

ልጅቷ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ናት።

ከሰላምታ ጋር፣
የተራ ቁጥር 31 ዋና ተመራማሪና ባለ ዕዳ

ግልባጭ፦
ለግዥ ክፍል
ለንብረት ክፍል (ሳጥኑ በር አጠገብ፣ ከታች መደርደሪያ ላይ ነው፤ እርጥበት እንዳያገኘው)