ቻርጅ ያደርጋል፣ ኮምፒውተር ግን አያነበውም

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

እዚህ ባሕር ዳር፣ ጥገና ቤታችን ውስጥ በየጊዜው የምንሰማው አቤቱታ አለ። «ስልኩ ቻርጅ ያደርጋል፤ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ግን አያነበውም። ሶኬቱን (ገመዱ የሚገባበትን የስልኩን አፍ) ቀይሩልኝ።» የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች በተለይ ፋይል ማስረከቢያ ሲደርስ ይህን ይዘው ይመጣሉ። ቀይረን ገንዘብ መቀበል ለእኛ ቀላል ነው። ግን ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ደኅና ነው።

በዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ኃይልና መረጃ የሚያልፉባቸው ሽቦዎች ለየብቻ ናቸው። ሁለቱ ኃይል ያመጣሉ፤ መነሻው 5 ቮልት ነው። ሌሎች ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መረጃ ያመላልሳሉ። አንዳንድ ርካሽ ገመድ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ጭራሽ የሉም። ከውጭ ሲያዩት ግን አይለይም። ስለዚህ መጀመሪያ ሌላ ገመድ ሞክሩ። አንድሮይድ ስልክ ደግሞ ሲሰካ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚመርጠው ቻርጅ ብቻ ነው። ከላይ የሚመጣውን መልእክት ነክታችሁ ፋይል ማስተላለፊያውን ምረጡ። እስከዚህ ድረስ ያለውን እኛ ጋ ብትመጡም በነፃ ነው።

ስልኩ ውስጥም መንገዱ ይለያያል። ኃይሉ ወደ ቻርጂንግ አይሲ (ባትሪ መሙላቱን ወደሚቆጣጠረው ቺፕ)፣ መረጃው ወደ ፕሮሰሰሩ (ወደ ስልኩ ዋና ቺፕ) ይሄዳል። በብዙ ስልኮች ሶኬቱ ያለው ከታች በኩል ባለች ትንሽ ቦርድ ላይ ነው። ከዋናው ቦርድ ጋር የሚያገናኛት ፍሌክስ (ስስ ተጣጣፊ ገመድ) ከላላ፣ ሶኬት መቀየር ብር ማባከን ነው።

በሁለቱም በኩል የሚገባው ታይፕ ሲ ሶኬት ላይ ሌላ የብልሽት ምልክት አለ። በአንድ በኩል ሲሰካ ይሠራል፣ ሲገለበጥ እምቢ ይላል። ከ24ቱ ፒኖች (ትንንሽ የብረት መገናኛዎች) መካከል ሲሲ የሚባሉ ሁለት አሉ፤ ስልኩ ገመዱ በየት በኩል እንደገባ የሚያውቀው በእነሱ ነው። አንዱ ቆሻሻ ከያዘው ወይም ከተጎዳ እንዲህ ይሆናል። ይህን አስተውላችሁ ብትነግሩን ፍለጋው ያጥርልናል። በመርፌ ግን አትቆርቁሩት፤ እባካችሁ!

ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሻገሩ የጣና ውሃ ስልኩን ከረጨው፣ እስኪደርቅ ቻርጅ አታድርጉ። እርጥብ ፒን ላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብረቱ ይበላል፣ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ አራግፉትና ነፋስ ያለበት ቦታ ተዉት። ሩዝ ውስጥ መቅበሩም ይቅር፤ ዱቄቱ ሶኬት ውስጥ ይገባል።

ስትመጡ ገመዱንና ቻርጀሩንም ይዛችሁ ኑ። እዚያው ፊት ለፊታችሁ እንሞክረዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ቤቱ ባለሙያዎች